የቆመ የጋዝ ምድጃ፤ ብልሽቱ እንዴት ይፈለጋል?

አንድ መሣሪያ ሥራውን ባቆመ ጊዜ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚናገረው ያየውን ሳይሆን የገመተውን ነው። «ጋዙ አልቋል» ይላል፤ ወይም «ምድጃው ተበላሽቷል» ይላል። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አጫጭርና ግልጽ ቢሆኑም ፍርድ እንጂ ማስረጃ አይደሉም። ማስረጃ የሚባለው «ክብሪት ተለኩሶ ሲቀርብ ምድጃው አልያዘም» የሚለው ነው። ብልሽትን በሥርዓት መፈለግም ሆነ ፍለጋውን በሥርዓት መጻፍ የሚጀምረው የታየውን ከተገመተው በመለየት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ጉዱማሌ በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ አጠገብ የሚገኝ የሕዝብ መሰብሰቢያ ሥፍራ ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በዚያ ይከበራል፤ በዓሉም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንግዳ በሚበዛበት በእንዲህ ያለው ቀን፣ በአካባቢው ሻይና ቡና አፍልታ፣ ዓሣም ጠብሳ ቤተ ሰቧን የምታስተዳድር አንዲት እናት አለች እንበል። ድስቱ እንደ ተጣደ ምድጃው ይጠፋል። «ጋዙ አልቋል» ብላ ሌላ ሲሊንደር ብትገዛና ምክንያቱ የታጠፈ ጎማ ሆኖ ቢገኝ፣ የቀኑ ገቢዋ በከንቱ ይወጣል። ምክንያቱ የሚያፈስ ጎማ ሆኖ ሳለ ክብሪት ደጋግማ ብትጭር ግን የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንም።

ብልሽቱን ለማግኘት አስቀድሞ የጋዙን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔን ወይም ቡቴን፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ፣ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኗል። ቧንቧው ሲከፈት ከፈሳሹ በላይ ያለው ጋዝ ይወጣል፤ በሬጉሌተሩ ሲያልፍ ግፊቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በጎማው ተጉዞ ወደ ምድጃው መክፈቻ ይደርሳል፤ በመጨረሻም በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ተረጭቶ ከአየር ጋር በመደባለቅ በማንደጃው ላይ ይነዳል። እንግዲህ እሳት ከጠፋ፣ ከእነዚህ ጣቢያዎች በአንዱ መንገዱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሽታውን አስተውሉ። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ መፍሰሱ እንዲታወቅ ሲባል ብርቱ መጥፎ ሽታ ያለው ቅመም ይጨመርበታል። ሽታው ካለ የሲሊንደሩን ቧንቧ ዝጉ፤ ክብሪት አትጫሩ፤ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያም አትንኩ፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰዎችን አስወጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ወርዶ በጓዳና በጉድጓድ ይተኛል፤ ከላይ አለመሽተቱ ከታች አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ የሚያፈሰው ሥፍራ የሚፈለገው በሳሙና አረፋ ነው። አረፋው በመጋጠሚያው ላይ ከተቀባና ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ ቢንቦረቀቅ፣ ጋዝ በዚያ ይወጣል ማለት ነው። በእሳት መፈለግ ግን አደጋን መጥራት ነው።

ሽታ ከሌለ ፍለጋው በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ ይኸውም «የጠፋው አንዱ ማንደጃ ነው ወይስ ሁሉም?» የሚል ነው። አንዱ ብቻ ጠፍቶ ሌላው የሚነድ ከሆነ፣ ሲሊንደሩም ሬጉሌተሩም ጎማውም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በዚያው ማንደጃ ወይም በመክፈቻው ላይ ነው። ሁሉም ከጠፉ ጥፋቱ የጋራ በሆነው መንገድ ላይ መሆኑ አይቀርም። አንድ ትክክለኛ ጥያቄ የፍለጋውን ሜዳ በግማሽ እንዴት እንደሚያጠብ ልብ በሉ።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ ይመረመራል። ቧንቧው መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሲሊንደሩ ይመዘናል። የባዶው ክብደት በአካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛልና፣ ለምሳሌ የተቀረጸው 14 ኪሎ ሆኖ ሚዛኑም 14 ኪሎ ቢያሳይ ጋዙ አልቋል። ግፊቱን ብቻ በመለካት ግን የቀረውን መጠን ማወቅ አይቻልም፤ ጥቂትም ቢሆን ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊቱ ብዙም አይለወጥም።

ሲሊንደሩ ጋዝ ካለው ቧንቧውን ዘግታችሁ ሬጉሌተሩን ተመልከቱ። በሚገባ ገጥሟልን? የጎማ ቀለበቱስ አልተቀደደምን? ከዚያም ጎማውን ከዳር እስከ ዳር በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ መታጠፉን፣ በጠረጴዛ እግር ሥር መጨፍለቁን ወይም መሰነጣጠቁን አረጋግጡ። የታጠፈው ይቃናል፤ የተሰነጠቀው ግን ይለወጣል እንጂ በፕላስተር አይጠቀለልም።

መንገዱ እስከዚህ ደኅና ከሆነ ምድጃው ራሱ ይቀራል። የገነፈለ ወተት ወይም የፈሰሰ ዘይት የማንደጃውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን አንሥቶ በብሩሽ ማጽዳት፣ አድርቆም በቦታው መመለስ ይገባል። ጋዙ የሚረጭባትን ጠባብ ቀዳዳ ግን በመርፌ ወይም በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳዋ በጥቂት እንኳ ብትሰፋ ከሚገባው በላይ ጋዝ ይወጣና ነበልባሉ ይበላሻል። ነበልባሉ ሰማያዊ ሲሆን ጋዙና አየሩ ተመጣጥነዋል። ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ አየር አንሶታል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው የሳሳ ነው፤ ይህም ጉድለቱን ሊያባብሰው ይችላል። እንዲህ ያለው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ገዳይ ጋዝ ያመነጫልና በተዘጋ ቤት ውስጥ ከቶ ሊነድ አይገባም። ከሐይቁ የሚነሣ ነፋስ እሳቱን የሚያጠፋ ከሆነም መከለያ ማቆም ይበቃል፤ ምድጃውንና ሲሊንደሩን በአንድነት ማፈን ግን አይገባም።

አንዳንድ ምድጃ እጅ መክፈቻውን ተጭኖ ሳለ ይነድና ሲለቁት ይጠፋል። ይህ የሆነው ቴርሞካፕል የተባለችው ትንሽ ዘንግ በጥላሸት ስለ ተሸፈነች ወይም ስለ ተበላሸች ሊሆን ይችላል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው መጋጠሚያቸው ሲሞቅ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህን ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 አግኝቶታል። ያ ጥቂት ኃይል የጋዙን በር ከፍቶ ይይዛል፤ እሳቱ ሲጠፋ ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፤ በሩም ይዘጋል። መጥፋቱ እንግዲህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ አንዳንዴ ጥበቃ ነው።

ይኸው ዘዴ ከአገራችን ውጭም ይሠራል። በብርዳማ አገሮች በመኪና ላይ በተሠራ ቤት የሚጓዙ ሰዎች ቤታቸውን በፕሮፔን ያሞቃሉ። ማሞቂያው ሲቆም የባትሪውን ኃይል፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ማራገቢያውን፣ የጋዙን በርና እሳት ለኳሹን በየተራ ይመረምራሉ። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች በደንብ ስለማይተን፣ ለብርድ ጊዜ የሚመረጠው እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚተነው ፕሮፔን ነው። መሣሪያው ቢለያይም አካሄዱ አንድ ነው።

በፍለጋው ሁሉ አንድ ሕግ አትርሱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከለወጣችሁም በኋላ ፈትኑ። ሬጉሌተሩንም ጎማውንም በአንድነት የለወጠ ሰው እሳቱ ቢመለስለት እንኳ የትኛው እንደ ታመመ አያውቅም። የሲሊንደሩን ቧንቧና የሬጉሌተሩን ውስጥ መፍታት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

በምትጽፉት ገላጭ ድርሰትም ይህንኑ ሥርዓት ጠብቁ። «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉት ቃላት የድርጊቱን ተራ ያሳያሉ፤ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚሉት መንገዱ የሚለያይበትን ያመለክታሉ፤ «ስለዚህ» ግን የሚጻፈው ማስረጃው ከቀረበ በኋላ ብቻ ነው። «ስለዚህ ጋዙ አልቋል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሲሊንደሩ መመዘኑን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ከላይ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ድርሰቱ ይታረም፤ ምክንያቱም ያን ጽሑፍ አንብቦ ክብሪት የሚያነሣ ሰው ሊኖር ይችላል።