ፀሐይ ስድስት ወር የማትወጣበት ክረምት

በአማርኛ «ክረምት» ሲባል ትዝ የሚለን ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። በደቡብ ሱዳንም ዝናቡ ሲጠነክር ብዙ መንገዶች ለወራት ይዘጋሉ። ስለዚህ የእርዳታ እህል ቀደም ብሎ ወደ መጋዘን ይገባል፤ መኪና በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ከአውሮፕላን ይጣላል። ልክ በዚሁ በሰኔና በሐምሌ በምድራችን ደቡባዊ ጫፍ ሌላ ዓይነት ክረምት አለ። ዝናብም የለው፣ ፀሐይም የለው! በዚህ ዕትም ሰዎች እዚያ እንዴት እንደሚከርሙና ለምን እንደሚከርሙ እናያለን።

ፀሐይ ወዴት ትሄዳለች?

ጁባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው ማለት ይቻላል። በደቡብ ዋልታ ግን ፀሐይ መጋቢት 12 ገደማ ከጠለቀች እስከ መስከረም 12 ገደማ አትወጣም። በዓመት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ብቻ እንደማለት ነው።

ምክንያቱ ምድር ዘንበል ብላ መዞሯ ነው። መምህራን ይህንን በክፍል ማሳየት ትችላላችሁ። አንድ ብርቱካን ላይ ስንጥር ከላይ እስከ ታች ሰክታችሁ የላይኛውን ጫፍ ወደ ባትሪ መብራት ዘንበል አድርጉት። ከዚያ ስንጥሩን ይዛችሁ ብርቱካኑን አሽከርክሩት። መሐሉ ሲበራና ሲጨልም የታችኛው ጫፍ ግን የቱንም ያህል ብታሽከረክሩት ብርሃን አያገኝም። የደቡብ ዋልታ ክረምት ማለት ይኸው ነው።

በር ሲዘጋ

በደቡብ ዋልታ አሜሪካ ያቋቋመችው አማንድሰን-ስኮት የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለማቋረጥ ሰው ኖሮበታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,835 ሜትር ላይ ስለሆነ ከፍታው ከደብረ ብርሃን ጋር ይቀራረባል፤ ከዚህ ከፍታ አብዛኛው ግን በረዶ ነው። በክረምት ብርዱ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከዜሮ በታች 82.8 ተመዝግቧል።

ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲያልፍ የአውሮፕላን ነዳጅና ዘይት መወፈር ይጀምራል። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ጥቅምት መደበኛ በረራ የለም። ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ነዳጁና መለዋወጫው ሁሉ ቀድሞ መግባት አለበት። የተረሳ ነገር ካለ ተረሳ ነው!

የሚከርሙት 40 ሰዎች ገደማ ሲሆኑ ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች አይደሉም። ምግብ አብሳይ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ መካኒክ፣ አናጢ ናቸው። ጄኔሬተሩ ከቆመ ሁሉም ያበቃለታልና እዚያ መካኒኩ ከፕሮፌሰሩ አያንስም።

ውኃስ? በበረዶ ላይ ተቀምጦ ውኃ ይቸግራል ቢባል ማን ያምናል? በረዶውን ለማቅለጥ ግን ነዳጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገላ መታጠብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። በቦኖ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው ይህ በደንብ ይገባዋል።

ሐኪሙ ሲታመምስ?

ትልቁ ፈተና ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1961 በሶቪየት ኅብረት ኖቮላዛሬቭስካያ ጣቢያ የነበሩት ብቸኛ ሐኪም ዶ/ር ሊዮኒድ ሮጎዞቭ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዛቸው። የሚያወጣቸው አውሮፕላን አልነበረም። ታዲያ ምን አደረጉ? ባልደረቦቻቸው መስተዋትና መሣሪያ እያቀበሏቸው የራሳቸውን ሆድ ከፍተው ትርፍ አንጀቱን አወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በደቡብ ዋልታው ጣቢያ የነበሩት ሐኪም ዶ/ር ጄሪ ኒልሰን ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። ሐኪም ያልሆኑ ባልደረቦቻቸውን አሠልጥነው በመርፌ ናሙና አስወሰዱ፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በሐምሌ ወር፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላን መድኃኒት ከአየር ጣለላቸው። የጣቢያው ሰዎች በበርሜል እሳት አንድደው ቦታውን አመለከቱ። ዶ/ር ኒልሰን ጥቅምት ላይ አውሮፕላን ማረፍ እስኪችል ድረስ ራሳቸውን እያከሙ ቆዩ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2009 አርፈዋል። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2016 ብርድ የሚችሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች በክረምት እየገቡ ሕመምተኞች አውጥተዋል።

አእምሮንም መጠበቅ

ጨለማው ሲረዝም እንቅልፍ ይዛባል፣ ሰው ይረሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። መፍትሔ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። ምግብ በሰዓቱ አብረው ይበላሉ፣ ጽዳቱን በተራ ይሠራሉ፣ ሰኔ 14 ገደማ የክረምቱን አጋማሽ በትልቅ ግብዣ ያከብራሉ። የእሳት አደጋ ብርጌድ ከውጭ ስለማይመጣ እሳት ማጥፋትና የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት የሚሠለጥኑት እነሱው ናቸው።

ታዲያ ለምን ይቸገራሉ?

አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ከሩቅ ሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ለመቀበል ይመቻል። በበረዶው ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሠርቶ ያለቀው አይስኪዩብ 5,000 በሚበልጡ መሣሪያዎች ኒውትሪኖ የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ያድናል። በሌላ ጣቢያ፣ በብሪታንያው ሃሌይ፣ ለዓመታት በትዕግሥት የተሰበሰበ መዝገብ የኦዞን ሽፋን መሳሳቱን እ.ኤ.አ. በ1985 ለዓለም አሳወቀ። በሁለተኛው ዓመት አገሮች የሞንትሪያልን ስምምነት ፈረሙ። በየዕለቱ ቁጥር የሚመዘግብ ሰው ሥራ ጁባ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ሰው ቆዳ ሳይቀር ይጠብቃል ማለት ነው።

ለክፍል ውይይት

1. በሰሜን ዋልታ ሰኔ ላይ ቀን ነው ወይስ ሌሊት? በብርቱካኑ አሳዩ።
2. መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ትምህርት ቤታችን ምን ምን ማስገባት አለበት? ጠመኔ፣ ደብተር፣ ሌላስ?
3. አንድ መምህር ቢታመም ክፍሉን ማን ይይዛል? ከአሁኑ ማን ምን ይልመድ?