የገበሬው ልጅ ድርሰት ከደብተር ወጥቶ እንዲታተም

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠራቸው ገበሬዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ከእነዚህ የልጅ ልጆች መካከል ግጥም፣ ተረትና አጭር ልብ ወለድ የሚጽፉ አሉ። ድርሰታቸው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ይነበባል፤ ይጨበጨብለታልም። ከዚያ በኋላ ግን ደብተሩ ከባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ጋር ቆጥ ላይ ይወጣል።

እንዲህ ያለው ወጣት ድርሰቱን ለማሳተም ሲነሣ በቅድሚያ የሚያስበው ከተማ ወጥቶ ማተሚያ ቤት ማነጋገርን ነው። ማተሚያ ቤት ቀብድ ይጠይቃል። ቅጂው በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ስለሚቀንስም ወጣቱ 1,000 ቅጂ ለማሳተም ይገፋፋል፤ ለዚህ አባት በሬ ይሸጣል፣ ወይም ይበደራል። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩ በዱቤ ይረከብና ድርሻውን ቀንሶ የተሸጠውን ብቻ ይከፍላል። ያልተሸጠው ተመልሶ የምስጥ ቀለብ ይሆናል። የተሸጠው በሬ ግን አይመለስም፤ የእርሻው ወቅትም አይጠብቅም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ወጣቱን ሊመክሩት የሚገባው ከጥቂት እንዲጀምር ነው። ሥራው በወረዳው ከተማ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከናወን ይችላል። አንድ ኤ-4 ወረቀት በሁለቱም ወገን ታትሞ ለሁለት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይወጣዋል። ባለ 32 ገጽ መጽሐፍ 8 ወረቀት ብቻ ይፈጃል ማለት ነው። ለ100 ቅጂ 800 ቅጠል ያስፈልጋል፤ አንዱ ደስጣ 500 ቅጠል ስለሚይዝ ሁለት ደስጣ ቢገዛ ለሚበላሸው መተኪያ 200 ይተርፋል። ለሽፋን 100 ወፍራም ወረቀት ይጨመራል። ጥረዛውን እጥፋቱ ላይ በመርፌና በጠንካራ ክር መስፋት ይቻላል። የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን፤ 33 ገጽ ከሆነ 3 ባዶ ገጽ ይመጣልና ደራሲው አንዱን ገጽ ቢያሳጥር ይሻለዋል።

የጽሕፈት ስሕተት በ100 ቅጂ 100 ጊዜ ይባዛል። በመሆኑም በመጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ወጥቶ የቋንቋ መምህር ሊያርመው ይገባል። ድርሰቱ ስለ እርሻ የሚያወራ ከሆነ አራሽ ገበሬም ተነቦለት ቢሰማው ይጠቅማል፤ የሰኔውን ዘር በኅዳር ያስዘራ ደራሲ በገበያ መሳቂያ ነው። ሽያጩም እህል ከአውድማ በሚገባበት በጥርና በየካቲት፣ በገበያና በስብሰባ ቀን ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ለመጽሐፍ የሚተርፍ ገንዘብ በገበሬ ቤት አይገኝም።

ማኅበሩ የወረቀቱን ወጪ ቢችል የድርሰቱ ባለቤት አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት መብቱ የደራሲው ነው፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ለሌላ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ያወጣው ገንዘብ ከሽያጩ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ወረቀት ስለ ገዛ ፎቶግራፉ ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ የሚሻ መሪ አይጠፋም፤ በውስጥ ገጽ አንድ መሥመር ምስጋና ይበቃዋል።

100ው ቅጂ አልቆ ሰው ገና የሚፈልገው ከሆነ ማተሚያ ቤት የሚኬደው ያን ጊዜ ነው። በከተማ መደብር እንዲሸጥም ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ማውጣት ይቻላል።