ድምጿ የከዳት መምህርት

ሰሞኑን ቢሮዬ የመጣች የሐዋሳ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ስለ ሕመም ፈቃድ ያላትን ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ነው ያቀበለችኝ፤ ድምጿ ከድቷታል። ሐኪም ዕረፊ ብሏታል። ጣቷ ላይ ያለው ጠመኔ ግን ገና አልለቀቀም።

የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ ከታመመበት ቀን አንስቶ ባለው 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ።

ፈቃዱን በአንዴ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ በተለያየ ጊዜም ይወሰዳል። ይህቺን ልብ በሉልኝ! ሕክምናዋ በቀጠሮ ለሆነ፣ ከተማሪዎቿ መራቅም ለሚከብዳት ሰው፣ ጥቂት ቀን አርፎ መመለስ ይቻላል ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሸነፉት በማስረጃ ነው። በቀራችሁ ማግስት አሳውቁ። የሐኪም ወረቀቱ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም ይሁን፤ ስታስገቡም ኮፒው ላይ አስፈርሙ። (የቃል «እሺ» ፍርድ ቤት ስትቀርብ አላየሁም።)

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሕጋችሁ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መምህርቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ወረቀቷን ገለበጠችና ጻፈች፦ «ከሰኞ ፈተና በኋላ ብጀምረውስ?»