ከጎባ እስከ ደሎ መና፦ የእግረኛ ተጓዥ የመድኃኒት ምርጫ

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ በማቋረጥ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ በከፍታ ረገድ ግን ተጓዡን ከውርጭ ምድር አንሥቶ ቆላ ያገባዋል። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ ከእርሷ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደተዘረጋው ሳነቴ ይወጣና 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያም በሐረና ቁልቁለት እየተጠማዘዘ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሪራ ይወርዳል፤ ደኑን ሰንጥቆ ደሎ መና ሲደርስ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ሆኗል። በዚህ መንገድ በእግር የሚጓዝ ሰው የሚይዘውን መድኃኒት ከሁሉ በፊት የሚወስነው ይኸው የከፍታ ልዩነት ነው፤ ከፍታው የሚያጋጥሙትን ሕመሞች ከመለየቱም በላይ፣ ቤት ውስጥ ያለ ችግር የሚዋጥ ክኒን በሰውነት ውስጥ የሚያሳድረውን ውጤት ሊለውጠው ይችላልና።

በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የከፍታ ሕመም የሚባለው ሰውነት ይህን እጥረት ሳይላመድ ሲቀር የሚከሰት ሲሆን፣ ምልክቶቹም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ በተወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ። የአዲስ አበባ ወይም የሮቤ ነዋሪ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር በከፊል የተላመደ ነው፤ ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ሌላው ወሳኝ ነገር የሚታደርበት ቦታ ነው። ቱሉ ዲምቱን ጎብኝቶ ማታውን ሪራ የሚያድር ሰው አደጋው አነስተኛ ሲሆን፣ 3,950 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው ግን ሌሊቱን በሙሉ በእጥረቱ ውስጥ ያሳልፋል።

ለዚህ ሕመም መከላከያነት በስፋት የሚመከረው መድኃኒት አሴታዞላማይድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዳያሞክስ በሚለው የንግድ ስሙ ሲሆን፣ በዓይን ክሊኒኮች ደግሞ የዓይን ግፊትን ለመቀነስ ይታዘዛል። አሠራሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ሰው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከመጠን በላይ ስለሚያስወጣ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፣ አንጎልም ይህን ሲያይ አተነፋፈሱን መልሶ ይገታዋል። ይህ ተቃርኖ በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ የተኛው ሰው ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆምና በድንገት አየር እየሳበ ይነቃል። አሴታዞላማይድ ኩላሊት ቢካርቦኔት የተባለውን ንጥረ ነገር በሽንት እንዲያስወግድ በማድረግ የደሙን አሲድነት ስለሚመልሰው፣ አንጎል የያዘውን ልጓም ይለቃል። የተለመደው የመከላከያ መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣቶችን ይወርራል፣ የለስላሳ መጠጥን ጣዕም ያበላሻል፤ የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም ሰልፋ የተባሉት መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ሊወስደው አይገባም።

ከዚህ በተቃራኒ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል ብዙዎች የሚያስቡት ዳያዜፓምና ሕመም ሲጠና የሚፈለገው ትራማዶል፣ ሁለቱም አተነፋፈስን የሚያዳክሙ በመሆናቸው ለሳነቴ ሌሊት ከማይመቹት መድኃኒቶች ተርታ ይሰለፋሉ። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት በከፍታ ምክንያት አንጎል ሲያብጥ ሕይወት የሚያተርፍ ቢሆንም፣ ሰውነትን ከከፍታው ጋር ሳያላምድ ምልክቶችን ስለሚሸፍን፣ ለጉብዝና ሲባል እየተዋጠ የሚወጣበት አይደለም። የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መድኃኒቱ ወዲያውኑ መውረድ ነው፤ በዚህ ረገድ የባሌ አቀማመጥ ቸር ነው፤ ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ ሪራ እስኪደረስ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ ያነሰ መውረድ ሕመምተኛውን ያሽለዋል።

ተጓዡ ራሱን ከመንገድ መሪው ጋር ባያወዳድር ይሻለዋል። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሐበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በተለያየ ጊዜ ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ዋነኛ ምግባቸውም ዛሬ ቀይ ቀበሮ የምታድነው ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ነበር። የዛሬዎቹ ደገኞችም በልጅነታቸው በዚሁ አየር ያደጉ ናቸው፤ የእነርሱ ፈጣን እርምጃ ለእንግዳው መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ይሁንና በተግባር ተጓዥን ከመንገድ የሚያስቀረው ከከፍታ ይልቅ ሆድ ነው። ለተቅማጥ በመጀመሪያ ሊያዝ የሚገባው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየተባለ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የጨውና የግሉኮስ ዱቄት ነው፤ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ብቻ ሰዎች ይንቁታል። ትንሹ አንጀት ሶዲየምንና ግሉኮስን ተጣምረው ሲያገኛቸው በአንድ በር ያስገባቸዋል፣ ውኃም እነርሱን ተከትሎ ይገባል፤ ይህ በር በአብዛኛው የተቅማጥ ሕመም ጊዜ እንኳ ሥራውን አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚመክሩት ቀመር ለአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው ከፖታሲየም ክሎራይድና ከሲትሬት ጋር ይገባበታል። ዱቄቱን በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ በጥብጦ «እንዲጠነክር» ማድረግ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ የወፈረው ፈሳሽ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያብሰዋል። ሎፔራማይድ የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ወደ ጎባ በመኪና ለሚመለስ ሰው ይጠቅማል፤ ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ግን አይወሰድም።

ውኃውን ማከም ከመድኃኒቱ ይቀድማል። በ4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሽሮው በዚያ ሙቀት በቶሎ አይበስል ይሆናል፣ የተቅማጥ ተሕዋስያን ግን ከዚህም ባነሰ ሙቀት ስለሚሞቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ማንተክተክ በቂ ነው። እንደ ውኃ አጋር ያሉት ክሎሪን ያላቸው ማከሚያዎች ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሥራቸው ይዘገያል፤ ስለዚህ ከምንጭ በተቀዳ የበረዶ ያህል በሚቀዘቅዝ ውኃ ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ፀረ-ባክቴሪያን በተመለከተ በአገራችን «ሲፕሮ» ለሁሉም ሆድ ሕመም የሚበቃ ይመስላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ለእግረኛ ልዩ ጉድለት አለበት፤ አልፎ አልፎ ጅማቶችን፣ በተለይም የተረከዝን ጅማት፣ እስከ መበጠስ ድረስ ያዳክማል፤ ጅማቱ ደግሞ ከሐረና ቁልቁለት የበለጠ የሚፈተንበት ቦታ ማግኘት ያዳግታል። በተጨማሪም ካልሲየም ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ተጣብቆ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግደው፣ የሪራ ባለቤት ለእንግዳው የሚያቀርብለት አንድ ጣሳ እርጎ ክኒኑን ከንቱ ሊያስቀረው ይችላል። ትኩሳት ወይም ደም ላለበት ተቅማጥ ሐኪሞች አዚትሮማይሲንን የሚመርጡት በተሕዋስያን መላመድ ምክንያት ጭምር ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን በማዘዣ ተገዝቶ፣ አወሳሰዱ በወረቀት ተጽፎ የሚያዝ ነው።

ከማስታገሻዎች ፓራሲታሞል ለራስ ምታትና ለትኩሳት ያገለግላል፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ የጉንፋን ክኒኖች አብዛኞቹ ፓራሲታሞል እንዳለባቸው መዘንጋት የለበትም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለጉልበት ሕመም ቢበረቱም፣ በባዶ ሆድ ጨጓራን ይጎዳሉ፣ ውኃ ሳይጠጣ ቀኑን ሙሉ የተጓዘን ሰው ኩላሊትም ይጫናሉ። በጾም ወራት የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይበጀዋል።

የዘወትር መድኃኒት ያላቸው ሰዎች ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ፣ የሚገርመው ብዙ ጊዜ የሚረሱትም እነርሱ መሆናቸው ነው። በሳነቴ የበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ኢንሱሊን አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ፣ ቀልጦ ንጹሕ ቢመስልም ኃይሉ ስለማይታመን ይጣላል፤ የስኳር መለኪያ መሣሪያም በብርድ ይሳሳታል፤ የአስም ሕመምተኛ የሚነፋው ሳልቡታሞልም ጣሳው ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል። እንዲህ ያሉት ሁሉ ቀን በደረት ኪስ፣ ሌሊት በመኝታ ከረጢት ውስጥ ከሰውነት ጋር መቆየት አለባቸው። የጭነት ፈረሶች ብዙውን ጊዜ ከእግረኛው ቀድመው በሌላ መንገድ ስለሚሄዱ፣ በፈረስ ላይ የተጫነ መድኃኒት በሚፈለግበት ሰዓት ኮረብታ ማዶ ነው።

ከሪራ በታች ቀፎዎች በየዛፉ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። ለተራ የንብ ንድፍ ሴቲሪዚን የመሰለ እንቅልፍ የማያበዛ ፀረ-አለርጂ ይበቃል፤ ከዚህ ቀደም በንብ ተነድፎ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሹ የታፈነ ሰው ግን የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ሳይዝ ወደ ማር አገር መውረድ የለበትም። ለእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በከረጢት የሚያዝ መድኃኒት የለም፤ በሽታው በባሌ እንግዳ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የቀይ ቀበሮዎችን ብዙ መንጋ የጨረሰው እርሱ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ጉዞውን አቋርጦ ክትባት ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ቁራጭ ሳሙና ከመድኃኒቶቹ ጋር ይቆጠራል።

ተጓዡ በሪራ ዙሪያ የሚያልፍበት የኮሶ ዛፍም አንድ ቃል ይገባዋል። ቀይ አበባው በጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ለብዙ ዘመን ተጠጥቷል፤ ነገር ግን ትሉን በሚገድለውና ሰውን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ በመሆኑ፣ ከመጠን ሲያልፍ ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ሥራውን ያለዚያ ሥቃይ ይሠራሉ።

ጉዞው ሪራ ላይ የሚያበቃ ከሆነ የወባ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ሰውን በብርቱ የሚያጠቃው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ከ16 ዲግሪ በታች በትንኟ ሆድ ውስጥ ሊያድግ ስለማይችል፣ የሪራ ብርድ ራሱ መከላከያ ነው። ወደ ደሎ መና የሚወርድ ሰው ግን አጎበር ይይዛል፣ ስለ መከላከያ ክኒንም ከሐኪም ጋር ይመካከራል። ከአማራጮቹ አንዱ ዶክሲሳይክሊን ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ ከወጡ በኋላ ለአራት ሳምንት የሚቀጥል ነው፤ ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ፣ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ዐሥር በመቶ ያህል በሚጨምርበት በሳነቴ ላይ የጀመረው ሰው ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት ያስፈልገዋል። ኳርተም የተባለው የወባ ማከሚያ ግን በግምት የሚዋጥ አይደለም። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የያዘው ተጓዥ ለጤና ባለሙያው ደሎ መና መውረዱን ነግሮ ደሙን መመርመር ይኖርበታል።