የሞተውን መሬት በዶማ የቀሰቀሱት አዛውንት

የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ሰፊ በጀትና ከባድ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ። የቡርኪና ፋሶው አርሶ አደር ያኩባ ሳዋዶጎ ሕይወት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። እኚህ ሰው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም። መነሻቸው ዶማ፣ የከብት ፍግ እና የመሬቱን ጠባይ የመመርመር ጉጉት ነበር። ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም በ77 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ደንና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ትተው አልፈዋል።

ያኩባ እ.ኤ.አ በ1946 በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ ያቴንጋ በተሰኘው አካባቢ ጉርጋ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ቁርዓን እንዲማሩ ወደ ማሊ ተልከው ነበር። ከተመለሱም በኋላ በአቅራቢያው ባለችው ዋሂጉያ ከተማ ገበያ ንግድ ጀመሩ። በዚያው ዘመን ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ያሉ አገሮች ተደጋጋሚ ድርቅ መታቸው። እኛ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም የምናስታውሰው ችግር እነርሱንም አልማረም። የጉድጓድ ውኃ ራቀ፣ ማሳው እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ያኩባ ግን ሌላው መንደሩን ጥሎ ሲወጣ ንግዳቸውን ትተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ከአባቶች የተወረሰ፣ በሙከራ የተሻሻለ

በአካባቢው «ዛይ» የሚባል የቆየ ዘዴ ነበር። አርሶ አደሩ በተራቆተ መሬት ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ቆፍሮ ዘር ይጥልባቸዋል። ያኩባ ይህን የአባቶች ዘዴ እንዳለ አልተቀበሉትም፤ አልናቁትምም። ጉድጓዱን አሰፉት፣ ጥልቀቱንም ጨመሩ። ከዚያም ፍግና ብስባሽ ሞሉበት። ሥራውንም ዝናብ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በበጋው ያከናውኑት ጀመር።

በዛይ የሚቆፈረው ጉድጓድ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት እና ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። በአንድ ሄክታር ላይ ከ10 ሺህ በላይ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ከጉድጓዱ የሚወጣው አፈር በቁልቁለቱ በኩል ይከመርና ጎርፉን ያግዳል። ፍጉ ምስጥ ይስባል። በሌላ ጊዜ ጠላት የሚባለው ምስጥ እዚህ ሠራተኛ ይሆናል፤ የደረቀውን አፈር እየፈለፈለ ለውኃው መግቢያ ይከፍታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውኃው በማሳው ላይ ተንሸራቶ ከመሄድ ይልቅ ሥሩ ዘንድ ይሰርጋል። ያኩባ የድንጋይ እርከንም ጨመሩበት።

ውጤቱ በጎተራ ታየ። ቀደም ሲል ምንም ያልነበረበት መሬት በዛይ ሲለማ ዝናብ ባነሰበት ዓመት በሄክታር ከ3 እስከ 4 ኩንታል፣ ዝናቡ መልካም በሆነበት ዓመት ደግሞ 15 ኩንታልና ከዚያ በላይ ማሽላና መሰል እህል ሊሰጥ እንደሚችል በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ።

ደኑም የመጣው ከዚሁ ጉድጓድ ነው። ከፍጉ ጋር የተቀላቀለ የዛፍ ዘር ከማሽላው ጎን ሲበቅል ያኩባ አልነቀሉትም፤ እየተንከባከቡ አሳደጉት። ይህም ከዓመታት በኋላ ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች የያዘ ደን ሆነ።

ከእብደት ወደ ትምህርት ቤት

በበጋ ሐሩር ደረቅ መሬት ሲቆፍሩ ያይዋቸው የነበሩ ጎረቤቶቻቸው መጀመሪያ «አብደዋል» ብለው ነበር። እርሳቸው ግን ክርክር አላበዙም፤ መልሱን ለማሳቸው ተዉት። እ.ኤ.አ ከ1984 ጀምሮ ደግሞ በእርሻቸው ላይ የዛይ ገበያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ከየመንደሩ የሚመጡ አርሶ አደሮች ዘር ይለዋወጣሉ፣ ማሳ ይጎበኛሉ፣ ያዩትን ይዘው ይመለሳሉ።

አርሶ አደር ከአርሶ አደር ሲማር ምን እንደሚሆን የጎረቤት አገር ኒጀር ልምድ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ በ1989 ከኒጀር ኢሌላ አካባቢ የመጡ 13 አርሶ አደሮች ያቴንጋን ጎበኙ። ሲመለሱ በትንሽ መሬት ሞከሩት። የሚቀጥለው ዓመት ድርቅ ሆነ፤ ያኔ ጥሩ ምርት የሰጠው ጉድጓድ የተቆፈረበት ማሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘዴው በፍጥነት ተስፋፋ።

ለያኩባ ሥራ ዓለም ዘግይቶም ቢሆን እውቅና ሰጥቷል። እ.ኤ.አ በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን፣ በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሽልማትን አግኝተዋል።

የልፋቱ ባለቤት ማን ነው?

የአዛውንቱ ከባድ ፈተና ድርቅ ብቻ አልነበረም። የዋሂጉያ ከተማ ወደ ገጠሩ ስትሰፋ እርሳቸው ያለሙት ደን በከተማው ክልል ተካቶ ለመኖሪያ ቤት መሬት ተሸነሸነ። ጠፍ የነበረው ሥፍራ ዋጋ ያገኘው በእርሳቸው ላብ ቢሆንም በእጃቸው የባለቤትነት ሰነድ አልነበረም። መሬቱን መልሰው ለመግዛት ገንዘብ ለማሰባሰብ እስከመሞከር ደርሰዋል።

ይህ ለወረዳ አመራሮችና ባለሙያዎች ትልቅ ትምህርት ነው። አርሶ አደር የተራቆተን መሬት ለማልማት ጉልበቱን የሚያፈሰው ነገም የእርሱ መሆኑን ሲያምን ነው። በአገራችን የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ፋይዳው እዚህ ላይ ይታያል። በከተሞች ዙሪያ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዘዴውን ለሚሞክር አርሶ አደርም ማሳሰቢያ አለ። ዛይ ጉልበት ይጠይቃል፤ አንድ ሄክታር ለመቆፈር 300 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በጥቂት ጥማድ መጀመር፣ በደቦ መሥራትና ፍጉን አስቀድሞ ማጠራቀም ይበጃል። ይበልጥ የሚስማማው ዝናብ አጠር ለሆነና ለተራቆተ መሬት ነው፤ ውኃ በሚተኛበት መረሬ አፈር ላይ ሰብሉን ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን በደቡባዊ ደጋማ አካባቢዎች በድንችና በቦሎቄ ላይ ተሞክሮ ምርት መጨመሩ በጥናት ተረጋግጧል።

በየዓመቱ በበጋ ወራት በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ በየቀበሌው እንደ ያኩባ በራሱ ማሳ የሚሞክር አርሶ አደር አይጠፋም። ባለሙያው እርሱን ፈልጎ ማሳውን ለጎረቤቶቹ ማስጎብኘት፣ የወረዳው አመራር ደግሞ የልፋቱ ፍሬ ከእጁ እንዳይወጣ መጠበቅ ይገባቸዋል።