ካንሰር የሚመስለው ንፍፊት፦ የኪኩቺ በሽታ

በአንገት ላይ የሚወጣ ንፍፊት ብዙ ጊዜ ከጉሮሮ ወይም ከጥርስ ሕመም ጋር መጥቶ ከዚያው ጋር ይጠፋል። ለሳምንታት ቆይቶ ትኩሳት ሲጨመርበት ግን የሐኪሙም የታማሚውም ሐሳብ ወደ ሁለት ከባድ በሽታዎች ያመራል፤ እነዚህም ቲቢ እና የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ወይም ሊምፎማ ናቸው። ሁለቱም በተለምዶ «ነቀርሳ» መባላቸው ድንጋጤውን ያብሰዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም የሚመስል፣ ከሁለቱም ያልሆነ ሌላ ሕመም አለ። እርሱም የኪኩቺ-ፉጂሞቶ በሽታ ይባላል።

በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1972 ለየብቻቸው የገለጹት ኪኩቺና ፉጂሞቶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። በብዛት የሚታየው በእስያ ቢሆንም በሌሎች አህጉራትም ተገኝቷል። በአብዛኛው የሚያጠቃው ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በታች የሆኑ ሰዎችን ነው። የአንገት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ሲነኩም ያማሉ፤ ትኩሳትና ድካም፣ አንዳንዴም የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ይከተላሉ።

ለመሆኑ ከካንሰር ጋር የሚያመሳስለው ምንድን ነው? የሊምፍ ዕጢዎች የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚሰባሰቡባቸው ጣቢያዎች ናቸው። በኪኩቺ በሽታ ጊዜ ገዳይ ቲ-ሕዋሳት በዕጢው ውስጥ ይበዛሉ፤ በርካታ ሕዋሳትም ራሳቸውን በራሳቸው ያፈርሳሉ። የኒውክለሶቻቸው ስብርባሪ እንደ ትቢያ ይበተናል። ሂስቲዮሳይት የተባሉ በላዔ-ሕዋሳት ስብርባሪውን ሲውጡ የራሳቸው ኒውክለስ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ የጨረቃ ቅርጽ ይይዛል። በዙሪያቸውም ትላልቅና በፍጥነት የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ይታያሉ። በማይክሮስኮፕ ሊምፎማ የሚመስሉት እነዚህ ናቸው።

ልዩነቱን ለማወቅ መርማሪው ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ይመለከታል። ባክቴሪያ ሕዋሳትን ሲገድል ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ በኪኩቺ በሽታ ግን አይገኙም ለማለት ይቻላል። የቲቢ ባሲልም የለም። ሊምፎማ ከአንድ የተበላሸ ሕዋስ የተባዛ ዘር ሲሆን በኪኩቺ በሽታ የሚበዙት ግን የተለያየ ምንጭ ያላቸው ሕዋሳት ናቸው። ይህን ሁሉ ለማየት በመርፌ የሚቀዳ ጥቂት ናሙና ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዕጢው በሙሉ ወጥቶ መመርመር አለበት።

ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ዋጋ ያስከፍላል። የኪኩቺ በሽታ ሊምፎማ ነው ከተባለ አንድ ወጣት የማያስፈልገውን የካንሰር መድኃኒት ይወስዳል፤ ሊምፎማው ኪኩቺ ነው ከተባለ ደግሞ ሕክምናው ይዘገያል። የዕጢ ቲቢ በብዛት በሚገኝባት በአገራችን ሦስተኛ አደጋ አለ። የኪኩቺ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ስለሚድን፣ ያለ በቂ ምርመራ የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ታማሚ መድኃኒቱ ያዳነው ሊመስለው ይችላል።

መንስኤው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ ቫይረሶች ቢጠረጠሩም አንዱም አልተረጋገጠበትም። ሕክምናው ትኩሳትንና ሕመምን ማስታገስ ነው፤ ሲከብድ ስቴሮይድ ይታዘዛል። በጥቂቶች ላይ ሊያገረሽ፣ አንዳንዴም ሉፐስ ከተባለው በሽታ ጋር ሊከሰት ስለሚችል ከዳኑም በኋላ የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ንፍፊት ያለበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። ውጤቱ ሳይታወቅ ተስፋ መቁረጥም ሆነ «በራሱ ይጠፋል» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም። ሦስቱ በሽታዎች በእጅ ሲዳሰሱ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ምርመራ ነው።