«ሒሳቡ ይቅረብ» ያለ ሁሉ ሰርጎ ገብ ነውን?

በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ የሚኖረውን ወገን በማታ ምን ትማራለህ ብትሉት፣ ከሚሰጣችሁ መልስ ውስጥ ነርሲንግና አካውንቲንግ አይጠፉም። ነርሲንጉን ለባለሙያዎቹ ልተውና ስለ አካውንቲንጉ ላውጋችሁ፤ እኔም በሪችላንድ በኩል ዲፕሎማውን ከሚማሩት አንዱ ነኝና። (እ.ኤ.አ. በ2020 የካውንቲው ሰባት ኮሌጆች ተጠቃለው «ዳላስ ኮሌጅ» ሲባሉ ሪችላንድም ካምፓስ ሆኗል። እኛ ግን ዛሬም ሪችላንድ እንላለን።)

ትምህርቱ 60 ክሬዲት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲሠራ ለዋለ ሰው በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ስለሚበዛበት፣ ሁለት ዓመት የተባለው አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ደግሞ የፌዴራሉን የትምህርት ዕርዳታ ስለማያገኝ ከኪሱ እየከፈለ ነው የሚማረው። ይህን ሁሉ ችሎ ሲጨርስ የሚጠብቀው ሥራ በአብዛኛው የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው፤ ሲፒኤ ለመባል ገና ረጅም መንገድ ይቀረዋል።

እኔን ግን የያዘኝ ከሥራው ይልቅ ትምህርቱ ነው። ቴክሳስ የኤንሮን አገር ናት። ሂውስተን የነበረው ያ ግዙፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ መዝገቡን ይመረምር የነበረው አርተር አንደርሰን ነበር። ይኸው ድርጅት በ2000 ዓመት ብቻ ከኤንሮን ለኦዲት 25 ሚሊዮን፣ ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። መርማሪው እንጀራውን የሚበላው ከተመርማሪው እጅ ነበር ማለት ነው። ሼሮን ዋትኪንስ የተባለች የሒሳብ ባለሙያና የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት አደጋውን ለአለቃዋ ለኬኔት ሌይ በደብዳቤ አስጠነቀቀች። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ጠርቶ አዳመጣት፤ ታይም መጽሔትም ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር የዓመቱ ሰው አላት።

ይህን ስንማር በሐሳቤ የመጡት አቶ ለማ አርጋው ናቸው። አቶ ለማ ዋና ኦዲተር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ለክልሎች ከተሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ውስጥ 7.2 ቢሊዮን ብር ያህሉ በወጉ እንዳልተወራረደ ለፓርላማው አሳወቁ። አቶ መለስ ዜናዊ ገንዘቡ የት ገባ ብለው በመጠየቅ ፈንታ፣ የክልል ድጎማን መመርመር የኦዲተሩ ሥልጣን አይደለም ብለው ተከራከሩ። ብዙም ሳይቆይ ኦዲተሩ ከኃላፊነታቸው ተነሱ። እኛም በውጭ ያለነው በትክክል ጮኽን፣ ጻፍን፣ አወገዝን።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። ከምርጫ 97 በኋላ በየከተማው የድጋፍ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰው ከደመወዙ ቀንሶ፣ አንዳንዱም ክሬዲት ካርዱን ስቦ አዋጥቷል። ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ፣ የተሰበሰበው ስንት ነው፣ ወዴትስ ተላከ ብዬ ብጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ይህ ሰው ማን ልኮት ነው?» የሚል ነበር። ደረሰኝ የሚቆርጠውም፣ ገንዘቡን የሚይዘውም፣ ቼኩን የሚፈርመውም፣ ሪፖርቱን የሚያነበውም አንድ ሰው ነበር። ኢሕአዴግ እ.ኤ.አ. በ2019 ፈርሷል፤ ይህ ልማድ ግን ዛሬም በየማኅበራችን አለ።

መጽሐፉ «የሥራ ክፍፍል» ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የጻፈበትን ነገር እኮ የሰፈራችን እድር ሲሠራበት ኖሯል! ዳኛው ያዛል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይይዛል። አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግምጃ ቤት የገባ ዕቃ ሞዴል 19 ካልተቆረጠለት፣ የወጣውም ሞዴል 22 ከሌለው የግምጃ ቤቱ ሹም ዕዳ ነው። ያ ሁሉ ሥርዓት ውቅያኖስ ሲሻገር የት እንደቀረ እንጃ።

«ምስጢር ነው፣ ትግል ነው» የሚለው ሰበብም እዚህ አገር ብዙ አያስኬድም። ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ ማኅበር በየዓመቱ ለአይአርኤስ ፎርም 990 ያስገባል፤ ዓመታዊ ገቢው ከ50,000 ዶላር የማይበልጠው ደግሞ አጭሩን 990-ኤን። ቅጹን ማንም ሰው ጠይቆ ማየት ይችላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ነፃ መብቱን ያጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚህ ምክንያት መብታቸውን ያጡ ወደ 275,000 የሚሆኑ ድርጅቶች ስም በአንድ ጊዜ ይፋ ወጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናት፤ ስለዚህ እዚያ ሒሳቡን መጠየቅ ያለበት ምእመኑ ራሱ ነው።

በዚህ ከተማ አካውንቲንግ የተማሩና በመማር ላይ ያሉ ልጆች አሉን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከአመራሩ ጋር የሥጋ ዝምድናም ሆነ የፓርቲ ትስስር የሌላቸውን ሁለቱን ሒሳብ መርማሪ አድርጋችሁ ምረጡ። የሚያስፈልጋቸው የባንኩ ስቴትመንትና የደረሰኙ ጥራዝ ነው። የአንድ አነስተኛ ማኅበር የዓመት ሒሳብ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢቀመጡበት ያልቃል፤ እኔም እሑድ ሥራ አልገባም።